ለድርስ መርዶ አይነገርም

በቅሎዋ ከጨለለቅቱ በላይ ያለውን ቁልቁለት ስትጀምር አሽከሩ ፈለቀ ልጓሙን አሳጥሮ ያዘና «ቀስ፣ ቀስ፣ የኔ እመቤት» አለ፤ ለበቅሎዋ ይሁን በላይዋ ለተቀመጠችው ነፍሰ ጡር አልታወቀም። ጉሙ ገና ከእንሰቱ ላይ አልተነሣም። ወይዘሮ አትጠገብ በእግሯ ከጎን እየተከተለች አንድ እጇን ከምራቷ ወገብ አላነሣችም። በኮርቻው ግራና ቀኝ ሁለት ስልቻ ተንጠልጥሏል፤ በአንዱ ለአጥሚት የተዘጋጀ ገብስ፣ በሌላው በቅል የተሞላ ቅቤ፣ አብሽ፣ ጥቁር አዝሙድና አንድ ጥቅል አቡጀዲ። ሌሊቱን ስታሰናዳ ያደረችው አትጠገብ ናት። እጇ ሥራ እንዳይፈታ ብላ ነበር። ሥራ የፈታ እጅ ወደ ፊት ይሄዳል፤ ፊት ይነጫል፣ ደረት ይደቃል።

«እመይቴ፣» አለች ምራቷ፣ «ምን አስቸኮለን? ተሻለ ሲመለስ ቤቱን ባዶ ያገኘዋል እኮ።»

«ቤት የሚጠብቅ ሰው ትቻለሁ። ዲላ ሐኪም አለ፤ እነ ዘነቡም አሉ። የበኩር ልጅ እንደ ዋዛ አይወለድም።»

«እናቴ እኔን እንሰት ስትፍቅ ነው የወለደችኝ። መፋቂያዋን እንኳ አላስቀመጠችም ይላሉ።»

«አንቺ የእናትሽ ነሽ። ይኼ ደግሞ የኔም ነው።»

ልጅቱ ሣቀች። ስትሥቅ ሆዷ ከኮርቻው ጋር ተነካክቶ አመማትና ሣቋን አቋረጠች። ወሯ ከገባ ሰንብቷል፤ እግሯ አብጦ ጫማዋ አልገባ ስላላት በባዶ እግሯ ነበር።

ልጅቱ የጌዴኦ ልጅ ናት። ተሻለ ሊያገባት በተነሣ ጊዜ አገሩ ሁሉ «የግራዝማች ሀብተ ጊዮርጊስ ልጅ የጭሰኛውን ልጅ ሊያገባ» እያለ ያወራ ነበር፤ እናቱም ከወሬው አልራቀችም። ከሠርጉ በፊት ክርስትና አስነሥታ ጽጌማርያም አስባለቻት፤ በዚህም ስም ብቻ ትጠራት ነበር። ተሻለ ግን የወላጆቿን ስም አልተወም። ከመስክ ሲመለስ ከአጥሩ ውጭ ሆኖ «ሎሚቴ!» ብሎ ይጣራል፤ እርሷም ከማጀት ሆና ትሥቃለች።

«ፈለቀ፣» አለች ሎሚቴ፣ «ብርዱ እንዲህ ሆኖ ጋቢህን የት ጣልከው?»

ፈለቀ አልዞረም። «ለሰው ሰጠሁት፣ እትዬ።»

«ለማን?»

«ብርድ ለያዘው ሰው።»

አትጠገብ የነጠላዋን ጫፍ ነከሰች። ጋቢው የት እንዳለ ታውቃለች።

በዚያ ዓመት፣ ደራሳ አውራጃ ይባል በነበረው በዚያ አገር፣ ቡናው ሲቀላ ጭሰኞቹ እንደ ወትሮው የባለርስት ፈቃድ አልጠበቁም። «የተከልነው እኛ፣ የምንለቅመውም እኛ» አሉና ገቡበት። ባለርስቶቹም በፊታውራሪ ሠረቀብርሃን መሪነት ጠመንጃ ያለውን ሁሉ ጠሩ። ተሻለም የአባቱን ምንሽር ከግድግዳው አውርዶ ሲወለውል እናቱ አየችው፤ የሚወለውለው እንደሚቸኩል ሰው አልነበረም። «ብቀር ፈሪ ነኝ፣» አላት፣ «ብሄድ ደግሞ የሚስቴ ወንድም ከማዶ ነው።» የሎሚቴ ወንድም ጂግሶ ከጭሰኞቹ ፊት የሚሄድ፣ አንደበቱ የሚፈራ ጎበዝ ነበር። የአባቱ ጓደኞች በደጅ ቆመው ነበርና አትጠገብ «ቅር» ማለት አፈረች።

ትናንት ጀንበር ስታዘቀዝቅ አብሮት የዘመተው ፈለቀ ብቻውን መጣ። በፊት ለፊቱ በር አልገባም። በጓሮ ዞሮ እንሰቱ ሥር ጠራትና ነገራት። ውጊያው የሆነው ኮረብታ ላይ ነው። ጢሱና ጉሙ ተደባልቆ ሰው ሰውን አይለይም ነበር። ማን እንደ ተኮሰ፣ ማን እንደ ወረወረ አልታወቀም። ተሻለን አቅራቢያው ባለ ቤተ ክርስቲያን ቀብረውታል። «መገነዣ አልነበረም፣ እሜቴ፣» አላት። «በጋቢዬ ነው የጠቀለልኩት።»

አንድ ልጇ ነበር። አትጠገብ ጩኸቷን በሁለት እጇ አፈነች። ከቤት ውስጥ የሎሚቴ እንጉርጉሮ ይሰማል፤ ለሚወለደው ልጅ አዲሱን አንቀልባ በቅቤ እያሸች ነበር።

ያን ድምፅ ስትሰማ አትጠገብ ታላቅ እኅቷን ጸሐይን አሰበች። ቡልጋ፣ ከብዙ ዘመን በፊት፣ ጸሐይ ድርስ ሆና ሳለ የባሏን መርዶ ነገሯት። በዚያው ቀን ሆዷ ዝም አለ። ልጁን ሞቶ ወለደችው፤ እርሷም ከአልጋዋ አልተነሣችም። በልጅነቷ ያየችው ያ አልጋ እስከ ዛሬ ከዓይኗ አልጠፋም።

«ለማንም እንዳትተነፍስ፣» አለችው ፈለቀን። «ለድርስ መርዶ አይነገርም።»

«ፊታውራሪ ሠረቀብርሃን ግን ለአገሩ መርዶ ልከዋል፣ እሜቴ። ነገ ለቅሶው እዚህ ግቢ ነው ተብሏል።»

«እንግዲያው ነገ እዚህ አንገኝም።»

ስለዚህ ነበር ገና ሳይነጋ በቅሎዋ የተጫነችው፤ ለሎሚቴም ፈለቀ ስንቅ ሊወስድ እንደ መጣ ተነገራት።

ከወንዙ ማዶ ዳገቱን እንደ ጀመሩ አትጠገብ የፈራችው መጣ። ከላይ ሴቶች ይወርዳሉ። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ወገባቸውን በመቀነት አጥብቀው አስረዋል። ከፊት የምትመራው ውዳሴ ናት፤ በዚያ አገር ሙሾ ሲወጣ እርሷ ያልተጠራችበት ለቅሶ የለም። አትጠገብን ከሩቅ ስታይ ሁለት እጇን ወደ ላይ አነሣች።

አትጠገብ በቅሎዋን ትታ ሮጠች። በዚያ ዕድሜዋ፣ በዚያ ዳገት እንዴት እንደ ሮጠች በኋላ ራሷም አታስታውሰውም። ውዳሴ አፏን ስትከፍት ደረሰችና አቅፋ የሴትዮዋን ፊት በራሷ ትከሻ ላይ ቀበረችው።

«ውዳሴ፣ በማርያም! ድርስ ናት። አልሰማችም።»

የተነሣው ዋይታ ከውዳሴ ደረት ደርሶ ሲመለስ አትጠገብ በገዛ ደረቷ ተሰማት። ሌሎቹ ሴቶች ተያዩ። አንዷ ነጠላዋን ልታስተካክል ጀመረችና በቅሎዋ ስለ ቀረበች ተወችው።

«ደኅና አደራችሁ?» አለች ሎሚቴ ከላይ ሆና። «የማን ለቅሶ ነው?»

ውዳሴ ጉሮሮዋን ጠርጋ «የሩቅ ሰው ነው፣ ልጄ። አንቺ አታውቂውም» አለች።

«ነፍስ ይማር።»

«ይማር፣ ልጄ፣ ይማር።» ውዳሴ ወደ በቅሎዋ ተጠግታ የሎሚቴን ያበጠ እግር በሁለት እጇ ያዘች፤ ግንባሯንም አስነካችው። «በሽልም ያውጣሽ። ማርያም ትቅረብሽ።»

ሴቶቹ አንድ በአንድ እያለፉ «በሽልም ያውጣሽ» አሏት። ድምፃቸው የተሰበረ ነበርና ሎሚቴ ግራ ገባት፤ ሆኖም ለሁሉም «አሜን» አለች። አለፉ። ኩርባው ሲሰውራቸው ነው አንድ የዋይታ ድምፅ ያመለጣቸው። «ቀበሮ ነው፣» አለ ፈለቀ፣ በቀን ብርሃን።

ፍስሐ ገነት ሲደርሱ በመንገዱ ዳር ቡና የጫነች ትሬንታ ኳትሮ የጭነት መኪና ቆማ ነበር። ሾፌሩ ኡስማን ተሻለን ያውቀዋል። አትጠገብ ወደ ጆሮው ጠጋ ብላ ስትነግረው ቆቡን አወለቀ፤ ከዚያ ረዳቱን ከጋቢናው አስወርዶ ለሎሚቴ መቀመጫውን በጆንያ አለሰለሰላት።

በዚህ መካከል ፊታውራሪ ሠረቀብርሃን ከሰዎቻቸው ጋር ደረሱ። በርኖሳቸው ጭቃ ነክቶታል፤ ዓይናቸው እንቅልፍ ያላየ ነው። ከፈረሳቸው ሳይወርዱ «ለቅሶውን ትተው ወዴት ነው፣ ወይዘሮ አትጠገብ?» አሏት።

አትጠገብ የፈረሱን ልጓም ይዛ ከመኪናው አራቀቻቸው። «ላዋልድ።»

«ልጅዎ ትናንት ተቀብሮ ዛሬ የጂግሶን እኅት ሊያዋልዱ?»

«ድምፅዎን ዝቅ ያድርጉልኝ፣ ፊታውራሪ።»

«ወንድሟ ከፊት ከፊት ነበር። ልጅቱ እኛ ዘንድ ትቆይ። ይህን ሲሰማ ከገባበት ይወጣል። የተሻለ ደም በከንቱ አይቀርም።»

«የተሻለ ደም ያውልዎት፣» አለች አትጠገብ ወደ ጋቢናው እያመለከተች። «ሌላ ደም የለኝም። እርሱን ለመውሰድ ከፈለጉ በኔ ላይ ይለፉ። የግራዝማችን እንጀራ በልተዋል፤ ሚስቱን በፈረስ መርገጥ ይችሉ እንደሆነ ይሞክሩት።»

ሰዎቻቸው መሬት መሬት አዩ። ፊታውራሪ ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ግራዝማችን ከልባቸው ይወዱ ነበር፤ ተሻለንም ክርስትና ያነሡት እርሳቸው ናቸው። በዚያ ቀን ግን ሐዘናቸው ሌላ መውጫ አላገኘም ነበር። ፈረሱን አዞሩ። «እኔም እኮ አልቅሼ አላበቃሁም፣ እቴ፣» አሉ፤ እንዲህ ሲሏት የመጀመሪያቸው ነበር።

አትጠገብ ወደ ጋቢናው ስትወጣ ሎሚቴ «ምን አሉ?» ብላ ጠየቀች።

«በሽልም ያውጣት አሉ።»

የዘነቡ ቤት ዲላ ከገበያው በላይ ነው። ዘነቡ የአትጠገብ የአክስት ልጅ ስትሆን በሰፈሩ በእጇ ያልተወለደ ልጅ ጥቂት ነው። የሎሚቴን ሆድ በዘይት እየዳበሰች «ጭንቅላቱ ገና አልወረደም። እስኪወርድ ጊዜ አለን» አለች። በጓዳው ለመውለጃ የሚሆነውን መደብ አበጁ፤ ግድግዳውን መረጉት። አቡጀዲውን ቀደው ሰፉት። ለእትብቱ ማሰሪያ ጥጡን አትጠገብ ራሷ ፈተለችው። ፈትሉ እየተበጠሰ አስቸገራት፤ እንደዚያ ሲሆን በሕይወቷ አይታ አታውቅም።

ለቅሶዋን ወደ ለገዳራ ወንዝ ትወስደው ነበር። የሚታጠብ ጨርቅ ይዣለሁ ብላ ትወጣለች። ውሃው ድንጋይ ለድንጋይ እየተላተመ የሚጮኽበት ቦታ አለ፤ እዚያ ተቀምጣ አፏን በእርጥብ ጨርቅ ይዛ ታለቅሳለች። ጠጉሯን አልተላጨችም፤ ጥቁር አልለበሰችም። ከቤት ስትደርስ ፊቷ ለምን እንዳበጠ ሎሚቴ ብትጠይቅ «ሳሙናው ዓይኔ ገባ» ትላለች።

ከሁሉ የከበዳት ሌላ ነገር ነው። ሎሚቴ በየጊዜው የተሻለን ወሬ ትጠይቃለች። አትጠገብም በመጀመሪያው ጊዜ «ሰው አገኘሁ፤ ደኅና ነው ብሏል» አለች። ሁለተኛ ጊዜ ያ አልበቃም። «ምን አለ? ስለኔ ምን አለ?» አለቻት ሎሚቴ። አትጠገብ ዓይኗን ጨፍና ተሻለ ምን ይል እንደነበር አሰበች። «እግሯን ከፍ አድርጋ ትተኛ ብሏል። ቅቤ እንደማትወድ ስለማውቅ በግድ አጠጧት ብሏል።»

ሎሚቴ ሣቀች። «እርሱ ነው! በቃ፣ እርሱ ነው!»

ከዚያ ወዲያ አትጠገብ መልእክቶቹን መፍጠር ለመደች። ምን ያሣቀው እንደሆነ፣ ምን እንደ ናፈቀ፣ ጉንፋን ይዞት እንደ ተሻለው ትናገራለች። ሎሚቴ ስትሰማት፣ እርሷም ስትናገር፣ ለዚያች ለአጭር ጊዜ ልጇ በአንድ ተራራ ማዶ በሕይወት ነበር። በኋላ ጓዳ ገብታ ግንባሯን ከግድግዳው ታስደግፋለች። ኃጢአት ይሁን ጽድቅ አልለይ አላት። ለነፍስ አባቷ እንኳ አልተናገረችም።

አንድ ቀን ጠዋት ሎሚቴ ከመደቡ ላይ አልነሣም አለች። ሕመም አልነበረም።

«በእኛ አገር፣» አለች፣ «ሴት ወሯ ሲገባ እናቷ ትመጣለች። ቡላ ይዛ ትመጣለች። አንቺ ሁሉን አድርገሽልኛል፣ እመይቴ። ግን እናቴ ለምን አልመጣችም? ወንድሜና ተሻለ በዚህ ነገር ቢለያዩ እኔ ምን አጠፋሁ?»

አትጠገብ ከዘነቡ ጋር ወጥታ ተማከረች። «ብትመጣ ትናገራለች፣» አለች ዘነቡ። «የነሱ ወገን ነው የገደለው። ደግሞ አንቺ ያቺን ሴት ዓይኗን ልታዪ ትችያለሽ?»

«አላውቅም፣» አለች አትጠገብ። «ልጅቱ ግን እናቷን ነው የጠራችው።» ፈለቀንም ላከችው።

የሎሚቴ እናት ሎኮ የመጣችው በእግሯ ነው። በእንሰት ቅጠል የተጠቀለለ ትልቅ ቡላ በጀርባዋ አዝላለች። ሻሿን እስከ ቅንድቧ ዝቅ አድርጋ አስራ ነበር። ልጇን አቅፋ ሳመች፤ ሆዷን በሁለት እጇ ይዛ በራሷ ቋንቋ ስታወራ ሎሚቴ እያለቀሰች ትሥቃለች። አትጠገብ ከበሩ ሥር ቆማ የሎኮን አፍ ትጠብቅ ነበር። ቋንቋውን በጥቂቱ ትሰማለች። ስለ ጂግሶ ሎሚቴ ስትጠይቅ ሎኮ ሳታመነታ «ላሞች ይዞ ቆላ ወርዷል» አለቻት።

ማግስቱን አትጠገብ የሚታጠበውን ጨርቅ ስትሸከም ሎኮ ተነሥታ ግማሹን ተቀበለቻት። ሁለቱ አንድ ላይ ወደ ለገዳራ ወረዱ። ውሃው ከሚጮኽበት ቦታ ሲደርሱ አትጠገብ ያን ስም በአፏ ጠራችው።

«ጂግሶ እውነት ቆላ ነው?»

ሎኮ ሻሿን ፈታች። ራሷ ተላጭቶ ነበር።

«ጂግሶ የለም፣» አለች በተሰባበረ አማርኛ። «ተሻለ የሞተ ቀን፣ እሱም ሞተ። እዚያው ነው። ሎሚቴ አያውቅም። አንተም አትናገር፣ እኔም አልናገርም። ሆዱ ባዶ እስኪሆን።»

አትጠገብ ያን ሁሉ ቀን ጂግሶን ስትረግም ነበር። ጨርቅ ስትሰፋ፣ ጥጥ ስትፈትል፣ በልቧ ስሙን እየጠራች ስትረግመው ነበር። ሲሞት አንድ ቀን እንኳ ከልጇ እንዳልዘገየ አላወቀችም።

«ማን ማንን እንደ ገደለ ታውቂያለሽ?» አለቻት። ካልጠየቀች የምታብድ መሰላት።

«ማጌኖ ያውቃል፣» አለች ሎኮ፤ ማጌኖ በእነርሱ ቋንቋ እግዚአብሔር ነው። «እኔ ሁለቱን አብልቼ ነበር። በአንድ ቅጠል ላይ ነው የሚበላ። ተሻለ ትኩስ ይወዳል፤ ጂግሶ ለሱ ይሰጣል።»

አትጠገብ ይህን አታውቅም ነበር። ልጇ ከዚያች ጎጆ ገብቶ ከጭሰኛው ልጅ ጋር ከአንድ ቅጠል ቆጮ ይበላ እንደነበር ማንም አልነገራትም፤ እርሱም አፍሯት ሳይሆን አይቀርም። እናቱ የማታውቀው ደስታ ነበረው። ይህ ነገር ከሞቱ ጋር አንድ ላይ ሆኖ ገባባትና በድንጋዩ ላይ ጎንበስ አለች። ሎኮ በአጠገቧ ተቀመጠች። አንዷ በአማርኛ፣ አንዷ በጌዴኦ፣ በውሃው ጩኸት ሥር አለቀሱ። ጨርቁን ግን አጥበው ነው የተመለሱት።

ሎሚቴን ምጥ የያዛት የገበያ ቀን ጠዋት ነው። የእንሽርት ውሃው ቀድሞ ፈሰሰ። ዘነቡ ምላጩን በፈላ ውሃ ነከረች፤ ሎኮ ልጇን ከኋላ አቅፋ ያዘቻት፤ አትጠገብ ከፊት ጉልበቷን ደገፈች። የጎረቤት ሴቶች በሳሎን ተቀምጠው «ማርያም፣ ማርያም» ይላሉ። ሎኮ ከሎሚቴ ጆሮ ሥር «ማጌኖ፣ ማጌኖ» ትላለች። ፀሐይ ከአናት እስክትሆን ድረስ ልጁ አልወርድ አለ። የሎሚቴ ከንፈር ደረቀ፤ ዓይኗ መንከራተት ጀመረ። ሐኪም ለመጥራት የተላከው ፈለቀ «ሐኪሙ ለሥራ ወደ ገጠር ወጥቷል» የሚል ወሬ ይዞ ተመለሰ።

«ደክሞኛል፣» አለች ሎሚቴ። «ተሻለን ጥሩልኝ። እርሱ ሲጠራኝ እችላለሁ።»

ዘነቡ ወደ አትጠገብ አየች። አትጠገብ አፏን ወደ ምራቷ ፊት አቀረበችና ልጇ ከአጥር ውጭ ሆኖ እንደሚጣራው፣ በዚያው ቃና፣ «ሎሚቴ!» አለች። በዚህ ስም ጠርታት አታውቅም። «ሎሚቴ! ግፊ፣ የኔ ልጅ! ሎሚቴ!»

ሎሚቴ ገፋች። አንድ ጊዜ፣ ደግሞ እንደገና፤ በመጨረሻ ጩኸቷ ቤቱን ሞላው፤ ልጅም ወጣ። ጠቁሮ ነበር። ዘነቡ ገልብጣ ጀርባውን መታ መታ አደረገችው፤ አፉን በጣቷ ጠረገችው። ከዚያ እንደ ድመት ግልገል ያለ ቀጭን ድምፅ ተሰማ።

«ሴት ናት!» አለች ዘነቡ።

እልልታ የአያት ነው። አትጠገብ ቀና ብላ ጀመረችው። የመጀመሪያው ያምር ነበር፤ በሳሎን ያሉትም ተቀበሏት። ሁለተኛውን ስትጀምር ያ ሁሉ ቀን በእርጥብ ጨርቅ ያፈነችው ድምፅ መንገድ አገኘ። እልልታው በመካከል ተሰበረና «ወይኔ ልጄ! ወይኔ ተሻለዬ!» ሆኖ ወጣ። እጇን አፏ ላይ ብታደርግም የሚመለስ አልሆነም። ከሎሚቴ ኋላ ሎኮም ጮኸች።

«ዝም በሉ!» ዘነቡ ጮኸችባቸው። «እንግዴ ልጁ አልወጣም! ልትገድሏት ነው?»

አትጠገብ የእኅቷን የጸሐይን አልጋ አየችው። ደም በአቡጀዲው ላይ ይፈስ ነበር፤ ከሚገባው በላይ ይሁን አይሁን ከዘነቡ ፊት ለማንበብ ሞከረች፤ አልቻለችም።

ሎሚቴ አማቷን አየቻት። ዞራ የእናቷን ፊት አየች፤ ሻሿ በግርግሩ ወልቆ የተላጨው ራሷ ታይቷል። ለረጅም ጊዜ ያንን ራስ አየች። ማንም ሳይነግራት አወቀች፤ የሞተው አንድ ብቻ እንዳልሆነም አወቀች።

«ምን ላድርግ?» አለች ዘነቡን። ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነበር።

«ሳል ሳል አድርጊ፣ ልጄ። እየሳልሽ ግፊ። ሌላ ነገር አታስቢ።»

ሎሚቴ ሳለች። እንባዋ በጆሮዋ ላይ ወረደ፤ ሳለች፣ ገፋች፤ ደግማ ሳለች። ዘነቡ ሆዷን በቡጢ ጫን ጫን እያደረገች አሸችው። በመጨረሻ እንግዴ ልጁ ሙሉውን ወጣ። ዘነቡ በብርሃን ገልብጣ አየችው፤ ደሙም ሲቀንስ አየች፤ ከዚያ መሬት ላይ ተቀመጠችና ላቧን በክንዷ ጠረገች።

«አሁን ንገሩኝ፣» አለች ሎሚቴ።

አትጠገብ የተሻለን ነገረቻት። ሎኮ በራሷ ቋንቋ የጂግሶን ነገረቻት። ሎሚቴ አልጮኸችም። ሕፃኗን ደረቷ ላይ ይዛ፣ አፏን በሕፃኗ እርጥብ ጠጉር ላይ አደረገች። ከዚያ «እነዚያ መልእክቶችስ?» አለች። «ቅቤ በግድ አጠጧት ያለውስ?»

«እኔ ነኝ፣» አለች አትጠገብ።

ሎሚቴ ዓይኗን ጨፈነች። አትጠገብ ትረግመኛለች ብላ ጠበቀች። ሎሚቴ ግን እጇን ዘርግታ የአማቷን የእጅ አንጓ ያዘች፤ አጥብቃ፣ እስኪያም ድረስ ያዘችው።

በሳሎን የነበሩት ሴቶች ግራ ገብቷቸው ቆመው ነበር። እልልታ ሰምተዋል፤ ዋይታ ሰምተዋል። ነጠላቸውን እንዴት እንደሚለብሱ አላወቁም። በመጨረሻ ከሁሉ በዕድሜ የገፋችው ወደ ጓዳው ገብታ እንባዋ እየወረደ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» አለች። ሌሎቹም እየገቡ እንዲሁ አሉ፤ ጥግ ጥጉን ይዘው ተቀመጡና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ማልቀስ ጀመሩ።

ሎኮ የቡላውን ገንፎ አመጣች። ቅቤው በመካከሉ ቀልጦ ነበር። ሎሚቴ ፊቷን አዞረች።

«አልችልም።»

ሕፃኗ በደረቷ ላይ አፏን እየከፈተች ትፈልግ ነበር። ታገኝና ታጣዋለች፤ ታጣውና ታለቅሳለች። ሎሚቴ ወደ ታች አየቻት። ያን ትንሽ አፍ ብዙ አየችው።

አትጠገብ ከገንፎው ጫፍ በጣቷ ቆርሳ፣ ከቅቤው አጥቅሳ፣ እስኪበርድ እፍ አለችበት። «ብይ፣ ልጄ። ለቅሶው የትም አይሄድም። ወተትሽ ግን ዛሬ ነው የሚመጣው።»

ሎሚቴ አፏን ከፈተች። እያለቀሰች አላመጠች፤ ለመዋጥ ተቸገረች፤ ዋጠች። ሎኮ ውሃ ሰጠቻት። አትጠገብ ሌላ አጎረሰቻት። ከደጅ የገበያው ጫጫታ ይሰማል፤ ሰው ቡና ይጭናል፣ ሰው ከብት ይጎትታል። በጓዳው ውስጥ ግን ሴቶቹ ሁሉ አፏን ያዩ ነበር። ሳህኑ ባዶ ሲሆን ሎሚቴ ፊቷን በእጅጌዋ ጠረገችና ሕፃኗን ወደ ሌላው ጡቷ አዞረቻት።

«ጨምሩልኝ፣» አለች።